ስድስተኛዋ ሰከንድ

እኛ ጋ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተቃጥሎ የሚመጣ ነው። የወፍጮ ሞተር ይሁን የውኃ ፓምፕ፣ ባለቤቱ «ትንሽ ሸተተኝ» እያለ ያመጣዋል፤ ስንከፍተው ውስጡ ከሰል ሆኖ እናገኘዋለን። የሞተር ጥቅለላ ሠራተኛ እንጀራው የሚወጣው ከሌላው ሰው ቃጠሎ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ሆን ብዬ፣ አስቤበት፣ አንድ ዕቃ ያቃጠልሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዕቃውን ግን አይቼው አላውቅም። ስልሳ ሜትር ከመሬት በታች ነበር፤ ከላዩ ያለው መሬት ደግሞ ሴት የማትረግጠው የጣና ደሴት ነው። የደሴቱን ስም አልጠራም።

ይህን ታሪክ ባህር ዳር ውስጥ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ ያወራሁት ግን እያሳመርሁ ነው። ዛሬ የዘለልሁትን ጨምሬ ልጻፈው።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዓባይ ማዶ ከአራት ዓመት ልጄ ከማርታ ጋር እኖር ነበር። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው መኪናው ሲበላሽ ነው። ሥራዬ ገበያው አጠገብ ባለ የሞተር ጥቅለላ ቤት ውስጥ ነው፤ ሙያውን ያስተማረኝ ደግሞ አባቴ ነው። አባቴ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄድና ኬብል ያስላጠኝ ነበር። አንድ ሕግ ነበረው፤ ሞተሩ ጋ ያለው ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ካላነሣ ማብሪያው ጋ ያለው ሰው ማብሪያውን አይነካም። ሌላም ነበረው። ኬብል በከባድ ኃይል ሲፈተን ድምፅ አውጥቶ ይቆጥር ነበር፤ ከአምስት አያልፍም። «አምስት ላይ ያልሆነ ስድስት ላይ አይሆንም፤ ይነድዳል እንጂ» ይለኝ ነበር።

እናቴ ስትሞት አባቴ እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ እስክይዝ ጠበቀ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የመሣሪያ ቦርሳውን አልጋዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከስድስት ወር በኋላ ቆብ መድፋቱን ሰማሁ። ሰው ሲመነኩስ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል፤ ለዓለም ሞቷል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ በሃያ ሁለት ዓመቴ ለሁለቱም ወላጆቼ ፍትሐት ተደርጎላቸው አለቀ፤ አንደኛው ግን በሕይወት አለ። አንድ ጊዜ ሄድሁ። እኔ ጀልባ ላይ፣ እሱ ዳገቱ ላይ ቆመን አምስት ደቂቃ ተነጋገርን። ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። «በርቺ» አለኝ። ተናደድሁ፤ በጣም ተናደድሁ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት አልሄድሁም። ማርታን ስወልድ እንኳ መልእክት አልላክሁም።

ወሬ የሚያመላልሰው ጋሽ ይርጋ ነበር። ለደሴቲቱ ዱቄትና ጧፍ የሚያደርስ፣ የብረት ጀልባ ያለው፣ ወሬው ከሞተሩ የማይተናነስ ሰው ነው። በየካቲት መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቃችን መጥቶ ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ወረቀት ሰጠኝ።

«ከአባትሽ ነው፤ ከአባ ወልደ ሩፋኤል» አለኝ።

ሰላምታ የለውም፤ ስሜም የለበትም። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። 1 እና 2፦ 3.1፤ 2 እና 3፦ 3.1፤ 1 እና 3፦ 3.1። ከሥሩ፦ 1 ከአካል 0፤ 2 ከአካል 3.1፤ 3 ከአካል 3.1። ከሁሉም በታች በጥቁር እስክሪብቶ አንዲት ቃል ተጽፋለች፤ «ብየዳ»።

ላልገባው ላስረዳ። ደሴቲቱ ውኃ የምታገኘው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ታች ወዳለው የፓምፕ ሞተር ሦስት ገመድ ይወርዳል። በገመዶቹ መካከል ያለው ቁጥር እኩል ከሆነ የሞተሩ ጥቅል ጤነኛ ነው። አንደኛው ገመድ ከሞተሩ አካል ጋር ዜሮ ካለ ግን ልክ በሞተሩ አፍ ላይ ተጣብቋል ማለት ነው። እዚያ አፍ ላይ ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል የመብረቅ መከላከያ አለች፤ ፋብሪካው ሲሠራው እንደ ድንጋይ በሚደርቅ ማጣበቂያ ደፍኗታል። መብረቅ ሲመታ እሷ ተቀብላው ሞታለች፤ ስትሞት ግን ገመዱን ከአካሉ ጋር አጣብቃ ነው የሞተችው። ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ኃይል የሚቆርጠው ብሬከር የሚወድቀው በእሷ ምክንያት ነው።

«ፓምፑን ለምን አያወጡትም?» አልሁት።

«በምን ያውጡት? ጉድጓዱ ሲቆፈር ማሽኑ በትልቅ ጀልባ ተጭኖ ነበር የሄደ፤ አሁን ያንን ከየት ያመጡታል? በሰንሰለት ሞከሩት፤ ቧንቧው አሸዋ ነክሶት ሰንሰለቱ ተበጠሰ።» ከዚያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ነገረኝ። በጥር አጋማሽ ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ መብረቅ ወርዷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ መነኮሳቱ እምቦጩን በዱላ እየገፉ ከሐይቁ እየቀዱ ዳገቱን ይወጣሉ። ሰባቱም አረጋውያን ናቸው። አባ ጽጌ የሚባሉት ጄሪካን ይዘው ወድቀው ወገባቸው ተሰብሯል። ከከተማ የመጡ የቤተ ክህነት ሰዎችም አይተው ወሰኑ፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ውኃው ካልመጣ ሰባቱም ተነሥተው መንገድ ወደሚደርስበት፣ ከሐይቁ ዳር ወዳለ ገዳም ይዛወራሉ። ጾሙ ሊገባ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው።

«አባ ጽጌ እንኳን ‹አጽሜ እዚሁ ይረፍ› ብለው አልቅሰዋል» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «አንቺስ ምን ተዳሽ! ከተዛወሩ በባጃጅ ሄደሽ አባትሽን እንደ ልብሽ ትጠይቂው ነበር» አለኝ።

ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ያን ዕለት ማታ ይህችው ቃል ናት እንቅልፍ የነሣችኝ።

ሥራው በጥቂት ቃል ይህ ነው፤ በዚያች በአንዷ ገመድ የብየዳ ማሽን ኃይል ለጥቂት ሰከንድ መልቀቅና የተጣበቀችውን ነገር በርቀት አቃጥሎ ማስከፈት። ኃይሉ ካነሰ ምንም አይሆንም። ከረዘመ ኬብሉ ቀልጦ ፓምፑ እዚያው ይቀበራል። ከጥቅለላ ቤቱ ባለቤት ማሽኑንና ትልቁን ጀነሬተር ስለምነው «ወንድ ላኪበት፤ አንቺ መውረድ አትችይም» አለኝ። «ወረቀቱ የመጣው ለእኔ ነው» አልሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ጭነን ሄድን። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ መጨረሻው ላይ እምቦጩ የጀልባዋን ሞተር እያነቀ ጋሽ ይርጋ ዐሥር ጊዜ ተራገመ፤ ዐሥር ጊዜም አማተበ። መውረጃው ላይ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ አለ፤ የሴት መጨረሻዋ ከእሱ በፊት ነው። ጉድጓዱ ከድንጋዩ ሠላሳ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል።

አባቴ ወርዶ ድንጋዩ ጋ ቆመ። ሰባት ዓመት ብዙ ነው። ጢሙ ነጥቷል፤ ቀኝ ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቷል። አበ ምኔቱ አጠገቡ ስለነበሩ እንደ ድሮው «አንተ» ልለው አልቻልሁም።

«እንደምን ነዎት፣ አባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ኬብሉ ስንት ሜትር ነው?»

«እያንዳንዱ አርባ አርባ።»

«ይበቃል። መለኪያ ቴስተር ይዘሻል? የእኛው ባትሪው አልቋል።»

ሰባት ዓመት የተጠራቀመው ሰላምታ ይህ ነበር። ጋሽ ይርጋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየና ራሱን ነቀነቀ።

ጀነሬተሩና ማሽኑ ከባድ ስለሆኑ ጀልባዋ ላይ ቀሩ፤ እኔም አብሬያቸው ቀረሁ። የማሽኑን ሁለት ወፋፍራም ገመዶችና ቴስተሬን እሱ ይዞ ወጣ። አንዱን ከፓምፑ ገመድ ቁጥር አንድ፣ ሌላውን እስከ ሞተሩ አካል ከሚወርደው የብረት ቧንቧ ጋር አሰረ። ቋጠሮው የድሮው ቋጠሮ ነው። የማሽኑን ቁጥር ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርሁ። ከስልሳ እስከ ሁለት መቶ አምፔር የሚያስኬድ መዘውር አለው፤ ለዚህ ሥራ ከመቶ ሃያ በታች ምንም ፋይዳ እንደሌለው እኔም አባቴም እናውቃለን።

ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

እኔ መዘውሩን ሰማንያ ላይ አድርጌ ለቀቅሁት።

«ለመጀመሪያ ቀስ ብዬ ልሞክር» ብዬ እንደሆነ ለራሴ ነገርሁት። እስከ ሦስት ቆጥሬ አጠፋሁ። እሱ ፈትቶ ለካ፤ «ዜሮ ነው» አለ። እንደገና አሰረ፤ እጁን አነሣ። አሁንም ሰማንያ። እስከ አራት ቆጠርሁ። ለካ፤ ዜሮ።

«ስንት ላይ ነው?» ሲል ጮሆ ጠየቀኝ።

«መቶ ሃያ» አልሁ።

እንዲህ በቀላሉ ወጣችልኝ። ውሸት የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ አምፔር ዋሽቼ ግን አላውቅም ነበር። በሙያችን እሷ ነውር ናት፤ በሌላው ሰው እጅ መቀለድ ነው።

አባቴ ጎንበስ አለና መዳፉን ኬብሉ ላይ አሳረፈ። በፋብሪካ ሳለ ከመሣሪያ በፊት በመዳፉ የሚለካ ሰው ነበር። እጁን ረዘም ላለ ጊዜ አቆየው። አበ ምኔቱ «ምን ሁኗል?» ሲሉት ሰማሁ።

«ኬብሉ ገና ለብ ነው ያለው፣ አባታችን። ማሽኑ አርጅቶ ይሆናል፤ ምልክቱ ልክ አያሳይም» አላቸው።

ማሽኑ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀለሙ ከታችም ከላይም ያበራል። አባቴ እንደዋሸሁ አውቋል፤ በሰው ፊት ግን ማሽኑ ላይ አሳበበልኝ። ጀነሬተሩን አጥፍቼ «ትንሽ ይረፍ» አልሁና ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ሰዓት ደሴቲቱ ውኃ እንድታጣ እፈልግ ነበር። አባቴ ተዛውሮ ማርታን ይዤ በባጃጅ እንድሄድ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «አድጋለች» እንዲል እፈልግ ነበር። ለዚህ ደግሞ ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም፤ ሰማንያ ላይ መቆየት ብቻ ነው። ወይም በተቃራኒው፣ መዘውሩን ከፍ አድርጌ ዝም ብዬ መያዝ። ሁለቱም «አልሆነም» ይባላል። ማንም አይጠይቀኝም።

አበ ምኔቱ ድንጋዩ ድረስ ወርደው «ልጄ፣ ካልሆነም አትጨነቂ። ለመምጣትሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉኝ። ከጀርባቸው ሌላ አረጋዊ መነኩሴ ቢጫ ጄሪካን ይዘው ወረዱ፤ ከጀልባችን ጎን እምቦጩን በዱላ ገፍተው ውኃውን ቀዱና ተመለሱ። ዳገቱ ላይ ገመድ ተዘርግቷል፤ በአንድ እጃቸው እሱን እየያዙ አራት አራት እርምጃ ወጥተው ያርፋሉ። እየቆጠርሁ ነበር። ዘጠነኛው ዕረፍት ላይ ጀነሬተሩን አስነሣሁት።

መዘውሩን መቶ ሃምሳ ላይ አደረግሁ። አባቴን አየሁት። ሁለት እጁን አነሣ።

«አንድ!» አልሁና ለቀቅሁት። ጀነሬተሩ አቃሰተ። የመለኪያው ቀስት መቶ ሃምሳ ላይ ቆመ። «ሁለት!» አልተነቃነቀም። «ሦስት!» ጀልባዋ ከሥሬ ትንቀጠቀጣለች፤ ጋሽ ይርጋ «በስመ አብ» ይላል። «አራት!» የላስቲክ ሽታ መጣ። «አምስት!»

ቀስቱ መቶ ሃምሳ ላይ ነው። ማጥፋት ነበረብኝ። እጄ ማብሪያው ላይ ነበር።

አላጠፋሁም።

«ስድስት» አልሁ፤ ይህችን ጮክ ብዬ አላልኋትም። ቀስቱ ወድቆ ዜሮ ላይ ተጋደመ፤ ጀነሬተሩም ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰ። ከጉድጓዱ አፍ ቀጭን ጭስ ወጣ። አባቴ ሊነካው ጎንበስ ሲል አየሁና «አባዬ፣ እጅህን! ገና አላጠፋሁትም!» ብዬ ጮህሁ። ያን ሁሉ «እርስዎ» ረስቼው ነበር።

አጠፋሁ። እሱ ገመዱን ፈትቶ ቴስተሩን አስነካና ጤነኛ ዓይኑ ድረስ አስጠጋው። ወይ ተከፍታለች፣ ወይ ኬብሉ ተበጥሷል፤ ከሁለት አንዱ ነው።

«አንድ ከአካል፣ ክፍት!» አለ። «አንድ እና ሁለት፣ ሦስት ነጥብ አንድ! አንድ እና ሦስት፣ ሦስት ነጥብ አንድ!»

የደሴቲቱን ጀነሬተር አስነሡና ፓምፑን ለቀቁት። ብሬከሩ አልወደቀም። ውኃው ስልሳ ሜትር መውጣት ስላለበት አንድ ደቂቃ ያህል ቧንቧው አየር ብቻ ተነፈሰ፤ ከዚያ ቀይ ዝገት ተፋ፤ ቀጥሎ ጠራ። መነኮሳቱ «ተመስገን» ከማለት በቀር አልተናገሩም። ጄሪካን ይዘው የወጡት አረጋዊ ግን የያዙትን የሐይቅ ውኃ መሬት ላይ ደፉትና ተቀመጡ።

አባቴ ቴስተሬን ለመመለስ ብቻውን ወረደ። በሌላው እጁ በጠርሙስ የጠራ ውኃ ይዟል። ጠጣሁ። ዝገት ዝገት ይላል።

«ስድስት ቆጠርሁ» አለኝ።

«አዎ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰማንያ ነበር። ዋሸሁህ።»

«ኬብሉ ነግሮኛል።»

«ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

የመነኮሳቱ ድምፅ ከላይ ይሰማል። «የሺ» አለኝ፤ በስሜ ከጠራኝ ሰባት ዓመቱ ነው። «ያን ወረቀት ልብ ብለሽ አይተሽዋል? ቁጥሩ በሰማያዊ ነው፤ ቃሏ በጥቁር።»

«አይቻለሁ።»

«ቁጥሩን የለካሁት መብረቁ በመታ ማግሥት ነው። ምን እንደሆነና ምን እንደሚያድነው ያን ዕለቱን አውቄ ነበር። ‹ከተዛወርን እኮ የልጄን ልጅ አያለሁ› አልሁና መጽሐፌ ውስጥ ደበቅሁት። ቃሏን የጨመርሁባት አባ ጽጌ ከወደቁ በኋላ ነው።»

እሱ ለዓለም ሞቷል ብዬ ሰባት ዓመት ተናድጄበታለሁ።

«ለአባታችን ተናዝዣለሁ» አለ። «ቀኖናዬ አባ ጽጌን ማስታመም ነው፤ ወገባቸው ቢድንም ባይድንም እስከ መጨረሻው። ዛሬ ‹ውኃው መጣ› ብዬ ልነግራቸው ነው። አንቺ ባትመጪ ይችን አልነግራቸውም ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ በአንድ ዓይኑ፣ ፊት ለፊት። «ስሟ ማን ነው?»

«ማርታ።»

«ማርታ» ብሎ ደገማትና ዳገቱን ወጣ።

አንባቢዎቼ፣ ብየዳ ማሽን ያላችሁ ይህን አንብባችሁ ፓምፓችሁን እንዳታቃጥሉት አደራ፤ ከእኔ በኋላ የሞከሩ አሉ፣ ዕቃቸውን እኛ ጋ አምጥተውታል። ከዚህ ሌላ የምመክራችሁ የለኝም። ስለ ስድስተኛዋ ሰከንድ ግን ሰው ሲጠይቀኝ «ስሜቴ ሊከፈት ነው አለኝ» እያልሁ እመልስ ነበር። ውሸት ነው። ፓምፑን ለማዳን ይሁን ለማቃጠል እንደያዝኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጀነሬተሩን ያስነሣሁት ጄሪካን ይዘው ዳገቱን ለሚወጡት አረጋዊ ብዬ ነው፤ እስከ አምስት ድረስ ከእሳቸው ጋር ነበርሁ፤ ስድስተኛዋ ላይ የት እንደነበርሁ አላውቀውም። ፓምፑ ዳነ፤ ሰው ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ስለዚህ የሰውን ሥራ በውጤቱ ብቻ ማመስገንም መውቀስም ትቻለሁ። በአባቴ ላይ የነበረኝ ቂምም በዚያው ቀረ፤ እሱም እንደ እኔ እጁ ማብሪያ ላይ የዘገየበት ሰው ነዋ።

አሁን በየሦስት ወሩ እሄዳለሁ፤ ለጥገና ነው የምለው። ማርታን ይዣት ሄጄ አባቴ ከድንጋዩ ወዲያ፣ እሷ ከድንጋዩ ወዲህ ጀልባዋ ላይ ሆነው ስለ እምቦጭ ተከራክረዋል። በመካከሉ ደግሞ በየወሩ ጋሽ ይርጋ ግማሽ ወረቀት ያመጣልኛል። ቁጥሮቹ ሁልጊዜ ያው ናቸው፤ ሦስት ነጥብ አንድ፣ ሦስት ነጥብ አንድ፣ ሦስት ነጥብ አንድ። ባለፈው ወር ከሥራቸው በጥቁር እስክሪብቶ «ማርታ ስንት ሆናት?» የሚል ነበረበት። ወረቀቱን ገልብጬ «ስድስት» ብዬ ጻፍሁና ላክሁለት።